ዋንጫውን የተቀበለው የጣልያን ልጅ

ባለፈው ሳምንት ትምህርቱ ሲያልቅ አንድ አባት፣ “የጣልያን ልጅ ለኢትዮጵያ ኳስ ተጫውቷል ይላሉ። እንዴት ይሆናል?” ብለው ጠየቁኝ። ቢገርማቸው አይፈረድም። የጣልያን ጦር ጎንደር ላይ እጁን የሰጠው በኅዳር 1934 ዓ.ም. ነው። አባቶቻችን ተዋግተውታል።

አዎ፣ ተጫውቷል። ስሙ ሉቺያኖ ቫሳሎ ይባላል። በነሐሴ 1927 ዓ.ም. አስመራ ተወለደ። ጣልያን ኢትዮጵያን ሊወር ሁለት ወር እንኳ አልቀረውም ነበር። አባቱ የጣልያን ወታደር፣ እናቱ ኤርትራዊት ናት። ልጅ ሳለ ነጩም ዲቃላ ይለዋል፣ ጥቁሩም ዲቃላ ይለዋል። ወዴት ይሂድ? ኳስ ሜዳ ሄደ።

የእጅ ሙያው መካኒክነት ነው፤ መኪና ይጠግናል። ኋላ ለድሬዳዋ ጥጥ ፋብሪካ ቡድን ተጫወተ። ለኢትዮጵያም ተመረጠ፣ አምበል ሆነ። አምበል ማለት የተጫዋቾች አለቃ ነው።

በ1954 ዓ.ም. ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ ተደረገ። ሉቺያኖ ኋላ እንደተናገረው፣ ክልስ አምበል መሆኑ ያልጣማቸው ሹማምንት ነበሩ። ስሙንም በአበሻ ስም እንዲለውጥ ጠየቁት። እሱ ግን እልኸኛ ነው፤ አልለውጥም አለ።

የመጨረሻው ጨዋታ የተደረገው ጥር 13 ቀን፣ ጥምቀት በዋለ በሦስተኛው ቀን ነው። ተጋጣሚያችን ግብፅ ነበረች። ከዚያ በፊት በሁለቱ ዋንጫዎች፣ በ1949 እና በ1951 ዓ.ም.፣ ሁለቴም 4 ለ 0 አሸንፋናለች። አሁንም ቀድማ አገባች። ተክሌ ኪዳኔ አቻ አደረገ። ግብፅ ወዲያው ደገመች፤ 2 ለ 1። ሰዓቱ ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ያህል ሲቀር ሉቺያኖ አገባ! ሁለት ለሁለት። ሌላ 30 ደቂቃ ተጨመረ። ታናሽ ወንድሙ ኢታሎ ሦስተኛውን፣ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን አገቡ። አለቀ፤ 4 ለ 2።

ዋንጫውን አፄ ኃይለ ሥላሴ ለአምበሉ በእጃቸው ሰጡ። ያ ዲቃላ ሲባል ያደገው ልጅ ተቀበለ። ኢትዮጵያ ከዚያ ወዲህ ያን ዋንጫ አላገኘችም።

ሉቺያኖ በደርግ ጊዜ፣ በ1970 ዓ.ም. ገደማ፣ በጅቡቲ በኩል ተሰደደ። ወደ አባቱ አገር ገብቶ እዚያው ኖረ። በመስከረም 2015 ዓ.ም. በ87 ዓመቱ አረፈ።

ይህን ለጠያቂዬ ነገርኳቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣

“ስሙን ሳይለውጥ?” አሉኝ።

ሳይለውጥ።