ያደከመው መቀመጡ ነው

የገበሬ ልጅ ቤቱ ሳለ ስፖርት ሥራ የሚለው የለም። ውኃ ይቀዳል፣ ከብት ያግዳል፣ ዳገት ይወጣል። ሰውነቱ ሳያውቀው ይፍታታል። ትምህርቱ ገፍቶ ደብረ ብርሃን ሲገባ ግን ነገሩ ይለወጣል።

ከአንኮበር መጥቶ ቤት የተከራየ ተማሪ ቀን ክፍል ውስጥ ይቀመጣል። ማታ ደብተሩ ላይ ያጎነብሳል። ወራት ሲያልፉ ጀርባውን ያመዋል፣ አንገቱ ይደርቃል፣ እንቅልፍ ይጫነዋል። እኛ ታዲያ፣ "ምን ሠራህና ደከመህ?" እንለዋለን። ያደከመው እኮ መቀመጡ ነው።

የዓለም የጤና ድርጅት በ2013 ዓ.ም. ባወጣው ምክር፣ ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ሰውነታቸውን ማንቀሳቀስ አለባቸው። ትልቅ ሰው ደግሞ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ። ማረስ፣ ማጨድ፣ በእግር ገበያ መሄድ ሁሉ ይቆጠራል።

ከተማ ውስጥ ዮጋ የሚሉት ነገር አለ። ቃሉ የሕንዶች ነው። በጥንት ቋንቋቸው ማጣመር፣ መጥመድ ማለት ነው። እኛ በሬ እንጠምዳለን፤ እነሱ ሰውነትንና ትንፋሽን ይጠምዳሉ። ቀስ ብሎ መንጠራራት፣ ጎንበስ ማለት፣ በረጅሙ መተንፈስ ነው። መሣሪያ አይፈልግም፤ ጀንዲ ከተነጠፈ ይበቃል።

ሰውነት ማፍታታት ለአገራችንም እንግዳ አይደለም። የሸዋው ልጅ አበበ ቢቂላ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ማራቶን አሸነፈ። ሁለት ወር ሳይሞላ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና አስወጥቶ ነበር። 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ሮጦ ሲጨርስ ሰው ይወድቃል ብሎ ጠበቀ። እሱ ግን ሜዳው ላይ ጅምናስቲክ ጀመረ! ጎንበስ ብሎ የእግሩን ጣት ነካ። ከዚያ በጀርባው ተኝቶ እግሮቹን እንደ ብስክሌት አሽከረከረ። ልማድ ማለት እንዲህ ነው፤ ድካም እንኳ አያስረሳውም።

ተማሪው "ብርዱስ?" ይል ይሆናል። እውነት ነው፣ ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ናት፤ ጧት ከብርድ ልብስ መውጣት ጭንቅ ነው። ግን በ1991 ዓ.ም. በሴቪያ ከተማ በ10,000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን የሆነችው ጌጤ ዋሚ የተወለደችው እዚያው አጠገብ፣ ጫጫ ነው።

መጀመሩ ቀላል ነው። የሚከብደው ሦስተኛው ሳምንት ላይ ነው፤ ያኔ ስንፍና ይመጣል። ስለዚህ በትንሹ፣ በ10 ደቂቃ ይጀመር። ፊት ከታጠቡ በኋላ ወዲያው ቢሆን አይረሳም። አብሮት የሚኖር ጓደኛ ካለ ሁለት ሆነው ይሥሩ፤ አንዱ ሲሰንፍ ሌላው ይቀሰቅሰዋል። አንድ ቀን ቢያልፍ በማግሥቱ መቀጠል ነው። ጎንበስ ሲሉ ጉልበት ቢታጠፍ ነውር የለውም። የሚያም ከሆነ ግን ይቁም።

በሠራበት ቀን ሁሉ ወረቀት ላይ አንድ ጭረት ያድርግ። ቅዳሜ ስንቅ ሊወስድ ሲመጣ "ወረቀቱን አሳየን" እንበለው። አሁን እኛም ቁጥር እናነባለን።