የዓይን ብሌን ለብርሃን ቀለማት ያለው ምላሽ

የብሌን የብርሃን ምላሽ የዓይን ብሌን በብርሃን ሲጠብና በጨለማ ሲሰፋ የሚታይ፣ ከሰው ፈቃድ ውጭ የሆነ እንቅስቃሴ ነው። ብሌን በአይሪስ ማለትም ቀለም ባለው ክብ የዓይን ክፍል መካከል የሚገኝ ቀዳዳ ነው። የአዋቂ ሰው ብሌን በደማቅ ብርሃን ከ2 እስከ 4፣ በጨለማ ደግሞ ከ4 እስከ 8 ሚሊሜትር ይሰፋል። ምላሹን የብርሃኑ ድምቀት ብቻ ሳይሆን ቀለሙም ይወስነዋል።

የምላሹ መንገድ

ብርሃን የዓይንን የኋላ ግድግዳ (ሬቲናን) ሲነካ መልእክቱ በእይታ ነርቭ ወደ አንጎል ይሄዳል። ከአንጎል የሚመለሰው ትእዛዝ የአይሪስን ክብ ጡንቻ ያኮማትራል። ትእዛዙ ወደ ሁለቱም ዓይኖች ስለሚሄድ፣ በአንዱ ላይ ሲበራ የሌላውም ብሌን ይጠባል።

ሰማያዊና ቀይ ብርሃን

በሬቲና ላይ ዘንግ መሰል ህዋሳት በደብዛዛ ብርሃን ለማየት፣ ሾጣጣ ህዋሳት ደግሞ በደማቅ ብርሃን ለማየትና ቀለም ለመለየት ያገለግላሉ። እ.ኤ.አ. በ1923 ክላይድ ኪለር ዓይነ ስውር የሆኑ አይጦች ብሌን ለብርሃን ሲጠብ ተመልክቶ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ የሆነው ሜላኖፕሲን የተባለው ፕሮቲን እ.ኤ.አ. በ1998 ከተገኘ በኋላ ነው። ሜላኖፕሲን ያላቸው የሬቲና ነርቭ ህዋሳት በራሳቸው ብርሃን ይቀበላሉ፤ ይበልጥ የሚነቁትም 480 ናኖሜትር ገደማ የሞገድ ርዝመት ላለው ሰማያዊ ብርሃን ነው።

በዚህም ምክንያት ደማቅ ሰማያዊ ብርሃን ከጠፋ በኋላ ብሌን ለብዙ ሰከንዶች ጠብቦ ይቆያል። እኩል ድምቀት ያለው ቀይ ብርሃን ሲጠፋ ግን ቶሎ ይሰፋል።

ለሕክምና ያለው ጥቅም

ግላኮማ የእይታ ነርቭን ሲጎዳ እነዚህን ህዋሳት ጭምር ስለሚያጠፋ፣ ከሰማያዊ ብርሃን በኋላ የሚቆየው መጥበብ ይቀንሳል። በግላኮማ የጠፋ እይታ ስለማይመለስ በጊዜ መለየቱ ወሳኝ ነው። ሐኪም የእጅ ባትሪን ከአንዱ ዓይን ወደ ሌላው በማፈራረቅ የተጎዳውን ሊለይ ይችላል፤ ሁለቱም እኩል ከተጎዱ ግን ልዩነት አይታይም። በቀለማት የሚደረገው ልኬት ለዚህ ተስፋ ቢሰጥም፣ በአብዛኛው ለምርምር የሚውልና ልዩ ካሜራ የሚፈልግ ነው።

ቦሩ ሜዳና ብሌን

ደሴ አጠገብ ያለው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በሥጋ ደዌና በዓይን ሕክምና ይታወቃል። ሁለቱ የሕክምና ዘርፎች በብሌን ላይ ይገናኛሉ። የሥጋ ደዌ አይሪስን ለረጅም ጊዜ ሊያስቆጣ ይችላል፤ በዚህ ጊዜ ብሌን እጅግ ጠብቦ ለማንኛውም ቀለም ላይንቀሳቀስ ይችላል። ስለዚህ የማይንቀሳቀስ ብሌን ሁልጊዜ የሬቲና ወይም የነርቭ ጉዳት ምልክት አይደለም፤ መጀመሪያ የአይሪሱ ጤንነት መታየት አለበት።