የ3,499 ዶላሩ መነጽር፦ ጉጉቱ ሌላ፣ ገበያው ሌላ

የዓለም ታላላቅ የኮምፒውተር ኩባንያዎች "ቅይጥ እውነታ" በሚባለው፣ በዓይን ላይ በሚታሰር መነጽር ላይ በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር አፍስሰዋል። አዲስ ሞዴል ብቅ ባለ ቁጥር ጉጉቱ ይግላል፤ ወራት ሲያልፉ ይቀዘቅዛል። ለነጋዴና ለባለሀብት ዋናው ቁም ነገር ዕቃው ሰውን ማስደነቁ ሳይሆን፣ የገዛው ሰው ከሦስት ወር በኋላም እያወጣ ያደርገዋል ወይ የሚለው ነው።

ዕቃው ምንድን ነው?

በአብዛኞቹ አዳዲስ ሞዴሎች ላይ ከፊት የተተከሉ ካሜራዎች ክፍሉን ቀርጸው በሁለቱ ዓይኖች ፊት ባሉ ትናንሽ ስክሪኖች ላይ ወዲያው ያሳያሉ። ኮምፒውተሩ በዚያ ምስል ላይ የራሱን ሥዕል ይደርባል። ስለዚህ ባለቤቱ የገዛ ሳሎኑን እያየ ግድግዳው ላይ ትልቅ የሲኒማ መጋረጃ መዘርጋት፣ ወይም ጠረጴዛው ላይ የሞተር ቅርጽ አስቀምጦ ዙሪያውን መመልከት ይችላል። ዙሪያውን ፈጽሞ ከሚጋርደው "ምናባዊ እውነታ" የሚለየው በዚህ ነው።

ሒሳቡ ሲታይ

ፌስቡክ ኦኩለስ የተባለውን የመነጽር አምራች እ.ኤ.አ. በ2014 በ2 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ገዛ። በ2021 ስሙን "ሜታ" ብሎ የለወጠውም በዚሁ መስክ ላይ በጣለው ተስፋ ነበር። ሥራውን የያዘው ክፍል ግን በ2022 13.7 ቢሊዮን፣ በ2023 16.1 ቢሊዮን፣ በ2024 ደግሞ 17.7 ቢሊዮን ዶላር ኪሳራ አስመዝግቧል። ኩባንያው ይህን ሊችል የበቃው ከማስታወቂያ በሚያገኘው ትርፍ ነው።

አፕል "ቪዥን ፕሮ" የተባለውን መነጽሩን ጁን 5 ቀን 2023 ይፋ ሲያደርግ፣ የአክሲዮኑ ዋጋ በዕለቱ ከዚያ በፊት ደርሶበት ወደማያውቀው ከፍታ ወጣ። ገበያው ሲዘጋ ግን ካለፈው የሥራ ቀን ዋጋው ዝቅ ብሎ ተገኘ። የአክሲዮን ደላሎች ይህን ጠባይ ያውቁታል፤ ብዙ ጊዜ ተስፋው ተሸጦ የሚያልቀው ዕቃው መደብር ከመድረሱ በፊት ነው።

መነጽሩ ፌብሩዋሪ 2 ቀን 2024 በአሜሪካ ለሽያጭ ሲቀርብ መነሻ ዋጋው 3,499 ዶላር ነበር። የሜታ "ክዌስት 3" በኦክቶበር 2023 የወጣው በ499 ዶላር ከ99 ሳንቲም ሲሆን፣ ሳምሰንግ በኦክቶበር 2025 ያቀረበው ደግሞ በ1,799 ዶላር ነው።

ለምን ይቀዘቅዛል?

የመጀመሪያው ምክንያት ክብደት ነው። የመጀመሪያው ቪዥን ፕሮ ከ600 እስከ 650 ግራም ይመዝናል፤ በሽቦ የሚንጠለጠለው ባትሪውም ያገለግል የነበረው ለ2 ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ሁለተኛው የፕሮግራም እጥረት ነው። ሽያጩ ሳይጀመር በጃኑዋሪ 2024 ኔትፍሊክስ፣ ዩቲዩብና ስፖቲፋይ ለመነጽሩ የተለየ ፕሮግራም ለማውጣት እንዳላሰቡ ታወቀ። የፕሮግራም አዘጋጁ የገዢውን ብዛት ይጠብቃል፤ ገዢውም ፕሮግራሙን ይጠብቃል። በዚህ መሐል ዕቃው መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል።

ከዚህ ቀደም የታየውም ይኸው ነው። ጉግል በ1,500 ዶላር ያቀረበውን "ግላስ" ለተራው ገዢ መሸጥ ያቆመው በጃኑዋሪ 2015 ነው። ማይክሮሶፍት ደግሞ የ"ሆሎሌንስ 2"ን ምርት በ2024 አቁሟል።

በሌላ በኩል ቀለል ያለው ዕቃ ገዢ አግኝቷል። ሜታ ከኤሲሎርሉክሶቲካ ጋር ያወጣው፣ ተራ የፀሐይ መነጽር የሚመስለውና ካሜራና ድምፅ ማጉያ ያለው "ሬይባን ሜታ" ከኦክቶበር 2023 እስከ 2025 መጀመሪያ ድረስ 2 ሚሊዮን ያህል መሸጡን አምራቹ ገልጿል። ይህ መነጽር ሥዕል አይደርብም፤ ሰው ግን ቀኑን ሙሉ አድርጎት ይውላል።

ለአገር ውስጥ ነጋዴ

አፕል ቪዥን ፕሮን በኢትዮጵያ በይፋ አይሸጥም። ከውጭ በሻንጣ አስመጥቶ ለማትረፍ የሚያስብ ነጋዴም መነጽሩ እንደ ሞባይል ለማንም የሚሸጥ አለመሆኑን ማወቅ አለበት። ፊት ላይ የሚያርፈው ክፍል መጠኑ የሚመረጠው የገዢው ፊት በስልክ ካሜራ ተለክቶ ነው፤ የሐኪም መነጽር የሚያደርግ ሰውም ለራሱ ዓይን የተሠራ ተጨማሪ ሌንስ ያስፈልገዋል። ለአንዱ የተመረጠው ለሌላው ላይገጥም ይችላል። ቢበላሽም እዚህ የሚጠግነው የኩባንያው ወኪል የለም።

በዚህ መስክ ገንዘቡን ሊያውል የሚሻ ሰው በመጀመሪያው ቀን ሰልፍ መማረክ የለበትም። ዋጋው መውረዱን፣ ክብደቱ መቀነሱንና የገዙት ሰዎች ለአዳዲስ ፕሮግራሞች ደግመው መክፈላቸውን ይመልከት። እነዚህ ሦስቱ እስኪታዩ ድረስ ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ነው።