ስለ ቀይ ሸረሪት ተባይና ስለ መከላከያው

በቆላ በመስኖ የሚለማውን ቲማቲምና አደንጓሬ የሚያጠፋው ቀይ ሸረሪት እጅግ ታናሽ ተባይ ነው፤ ስምንት እግር ስላለው ከሸረሪት እንጂ ከነፍሳት ወገን አይቈጠርም። በቅጠሉ ታችኛ ፊት ተቀምጦ ጭማቂውን ይመጥጣል፤ ቅጠሉም በነጫጭ ነጠብጣብ ተዥጐርጕሮ፣ ኋላም ድር ለብሶ ይደርቃል። ሙቀቱ 30 ዲግሪ በደረሰ ጊዜ ከእንቁላል ወጥቶ ለመራባት 10 ቀን እንኳ አይፈጅበትም።

ገበሬው ደንግጦ ያገኘውን የነፍሳት መርዝ ቢረጭ፣ መርዙ ተባዩን የሚበሉትን ጠቃሚ ፍጥረቶች ፈጅቶ ቀይ ሸረሪቱን ያለ ጠላት ያስቀረዋል፤ የኋለኛውም ጥፋት ከፊተኛው ይብሳል።

ስለዚህ ሹማምንት ሕዝቡን እንዲህ ሊያስተምሩት ይገባል፤ ይኸውም በበጋ የቅጠሉን ታችኛ ፊት አዘውትሮ መመርመር፤ የተያዘውን ቅጠል ቆርጦ ማቃጠል፤ ተክሉን ውሃ አለማስጠማት፤ አቧራውንና ተባዩን በውሃ ማጠብ ነው። ይህ ካልበቃ ለዚሁ ተባይ የተለየው መድኃኒት ብቻ ይረጭ። ድሩ ሳይታይ የተነሣ ገበሬ አትክልቱን ያድናል።