ላሟ እንደታለበች አትተኛ

ባለፈው ሚያዝያ በዝናቡ ሰሞን እዚህ ናይሮቢ ዳር የጎረቤታችን ላም ጠዋት ደህና ታልባ በማግስቱ ሞተች። ቤተሰቡ የሚኖረው በእሷ ወተት ነበር። ባለቤቷ «እጄን ታጥቤ እኮ ነው ያለብኳት» እያለች አለቀሰች። እውነቷን ነው። የመጣው ሐኪም ግን ግቷን አይቶ ወለሉን አሳየን።

ማስታይትስ የሚባለው የግት በሽታ ሁለት መንገድ አለው። አንዱ በአላቢ እጅና በጨርቅ ከላም ወደ ላም ይተላለፋል። ሌላው የሚመጣው ከምትተኛበት ቦታ ነው፤ ኢ ኮላይ በእበት፣ ክሌብሲዬላ በእርጥብ ሰጋቱራ ውስጥ ይገኛሉ። በናይሮቢና በኪያምቡ ብዙ ላሞች ታስረው ስለሚቀለቡ እበታቸው ላይ ይተኛሉ፤ በዝናብ ወራት ደግሞ ይብሳል።

የጡቷ ቀዳዳ ከታለበች በኋላ ቶሎ አይዘጋም፤ ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ያኔ ጭቃ ላይ ከተኛች ጀርሙ ይገባል። ስለዚህ፦

- መኖዋን ታልባ ስታበቃ ስጧት፤ እየበላች ትቆማለች።
- እበቱን በየቀኑ ጥረጉ፣ ጉዝጓዙ ደረቅ ይሁን።
- ከማለባችሁ በፊት ጡቷን አጥባችሁ አድርቁ።
- የመጀመሪያውን ወተት ጥቁር ዕቃ ላይ እዩት። ከጓጎለ ወይም ውሃ ከመሰለ፣ ግቷም ካበጠና ከጋለ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ጥሩ። ኢ ኮላይ ጊዜ አይሰጥም።
- መድኃኒት ከተሰጣት ሐኪሙ ያለው ቀን እስኪያልፍ ወተቷን አትጠጡ፣ አትሽጡ።

ተማሪዎች፣ ይህን ላም ላለው ጎረቤት ሁሉ ንገሩ።