የሌሊት ወፎችን በድምፃቸው መለየት

በኢትዮጵያ ወደ 80 የሚጠጉ የሌሊት ወፍ ዝርያዎች ይታወቃሉ። ነፍሳት የሚመገቡት በጨለማ መንገዳቸውንም አደናቸውንም የሚያገኙት ድምፅ አውጥተው ማሚቶውን በማዳመጥ ነው። ይህን በ1941 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ሙከራ ያረጋገጡት ዶናልድ ግሪፊንና ሮበርት ጋላምቦስ የተባሉ አሜሪካውያን ናቸው። የሰው ጆሮ ከ20 ኪሎ ኸርዝ በላይ ያለውን ድምፅ አይሰማም፤ የአብዛኞቹ የሌሊት ወፎች ጩኸት ደግሞ ከዚያ በላይ ነው። ስለዚህ ለማጥናት ልዩ መቅጃ ያስፈልጋል።

እንዲህ ያለ ጥናት ከሚጠቅማቸው ስፍራዎች መካከል የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች ይገኛሉ፤ የማሻ ወረዳን የሚያቅፈው የሸካ ደን በ2012፣ ጎረቤቱ ካፋ በ2010 (ሁሉም እ.ኤ.አ.) በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራዎች መዝገብ ገብተዋል። በ2014 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ናቡ የተባለው የጀርመን የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር በካፋ ባካሄደው የብዝኃ ሕይወት ዳሰሳ የሌሊት ወፎች በመረብም በድምፅ መቅጃም ተጠንተዋል።

መቅጃው በወንዝ ዳር፣ በደን ውስጥ ወይም በቡና ማሳ ዛፍ ላይ ታስሮ ከምሽት እስከ ንጋት ይቆያል። የአንድን ድምፅ ቅርጽ ሳያዛባ ለመያዝ፣ በሴኮንድ የሚወስደው ናሙና ከድምፁ የንዝረት ብዛት ከእጥፍ በላይ መሆን አለበት፤ እስከ 120 ኪሎ ኸርዝ ለሚደርስ ጩኸት 256 ሺህ ናሙና ይበቃል። የተቀዳው በኮምፒውተር ወደ ሥዕል ሲለወጥ ልዩነቱ በዓይን ይታያል። አፍንጫቸው የፈረስ ኮቴ የሚመስል ዝርያዎች ረጅምና ቀጥ ያለ መስመር ይተዋሉ፤ ሌሎች ከላይ ወደ ታች የሚወርድ አጭር መስመር ይሠራሉ። ነፍሳቱን ሊይዙ ሲቃረቡ ጩኸቱ በሴኮንድ ከ100 በላይ ስለሚሆን፣ ቦታው የማደኛ ስፍራ መሆኑም ይታወቃል።

ዘዴው እንስሳውን ሳይነካ ብዙ ቦታ በአንድ ሌሊት ይሸፍናል፤ ከመረብ በላይ ከፍ ብለው የሚበሩትንም ይመዘግባል። ሆኖም ቁጥር አይሰጥም፦ አንድ የሌሊት ወፍ አሥር ጊዜ ቢመላለስ አሥር ቅጂ ይሆናል። ከፍተኛ የንዝረት ብዛት ያለው ድምፅ በእርጥብ አየርና በጥቅጥቅ ቅጠል ቶሎ ስለሚደክም፣ ዝናብ በማይለየው የማሻ ደን ቀስ ብለው የሚጮኹት ዝርያዎች ጥቂት ሜትር እልፍ ሲሉ አይሰሙም። ፍራፍሬ በሎቹ ደግሞ አብዛኞቹ በማሚቶ ስለማይመሩ በመቅጃው አይገኙም፤ የዛፍ ዘር የሚበትኑት ግን እነሱ ናቸው።

ዋናው ችግር ግን የመለያ ድምፅ እጥረት ነው። የአንድ ዝርያ ጩኸት በገላጣና በደን ይለያያል፤ የሁለት ዝርያዎችም ይመሳሰላል። በአውሮፓ የሌሊት ወፎች ድምፅ የሠለጠነ ሶፍትዌር በኢትዮጵያ ደን ውስጥ የተሳሳተ ስም ሊሰጥ ይችላል። ለምሳሌ ማዮቲስ ስኮቲ የሚባለው ዝርያ የሚገኘው በኢትዮጵያ ብቻ በመሆኑ ድምፁ ከዚሁ አገር መቀዳት አለበት። ስለዚህ በመረብ ተይዞ ዝርያው የተረጋገጠ የሌሊት ወፍ ሲለቀቅ ጩኸቱ ይቀዳል፤ እንዲህ ያለው ክምችት ሲበዛ የመቅጃው ውጤት ይታመናል።

ያን ጊዜ በጥብቅ ስፍራዎቹ እምብርት፣ በመከለያቸውና በእርሻ አካባቢያቸው ተመሳሳይ መቅጃዎችን በየዓመቱ በተመሳሳይ ወቅት በማስቀመጥ፣ ደኑ ወደ ቡና ወይም ሻይ ማሳ ሲለወጥ የትኛው ዝርያ እንደሚቀርና የትኛው እንደሚጠፋ ማወቅ ይቻላል።