የክረምት ምድጃ፤ በደጋ ቤት ውስጥ ስለሚገኙት ትንንሽ ደስታዎች

በኢትዮጵያ ደጋ አገር ክረምት ማለት የበረዶ ወራት ሳይሆን የዝናብ፥ የጭቃና የደመና ወራት ነው። በቤተ ክርስቲያን የዘመን አቈጣጠር ዓመቱ በአራት ወቅቶች ሲከፈል ከሰኔ 26 ቀን እስከ መስከረም 25 ቀን ድረስ ያለው ጊዜ ዘመነ ክረምት ይባላል። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች በታኅሣሥና በጥር የሚመጣውን ብርድ በዚሁ ስም ይጠሩታል፤ ዳሩ ግን በዚያ ጊዜ በአገር ቤት ሰማዩ ጠርቶ፥ መንገዱ ደርቆ፥ እህሉም ከአውድማ የሚገባበት ነው። ስለዚህ ቃሉ አንድ ሲሆን ነገሩ ሁለት ነው። ይሁን እንጂ በሁለቱም ዘንድ ክረምት ሰውን ከሜዳ ወደ ቤት፥ ከቤትም ወደ እሳት ይሰበስባል።

የወቅቱ ክብደት በቋንቋው ውስጥ ታትሞ ይገኛል። ከረመ የሚለው ግስ በግዕዝም በአማርኛም ክረምትን አሳለፈ ማለት ነው፤ ከዚያም ትርጓሜው እየሰፋ ብዙ ጊዜ ቆየ ወደ ማለት ደረሰ። ተለያይተው የቆዩ ሰዎች ሲገናኙ «እንደምን ከረማችሁ» ይባባላሉ፤ በበጋ ስም ግን እንዲህ ያለ ሰላምታ የለም። የሚመጣው ዓመት «ከርሞ» ይባላል፤ መራቂም «ለከርሞ ያድርሰን» ይላል። የነገሥታት ዜና መዋዕልም ይህንኑ ልማድ ይከተላል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1563 እስከ 1597 ዓመተ ምሕረት ድረስ የነገሡት የዐፄ ሠርፀ ድንግል ዜና መዋዕል ንጉሡ የዘመቱበትን አገር ብቻ ሳይሆን የከረሙበትንም ስፍራ ይመዘግባል። ወንዝ ሲሞላና ጭቃ ሲበረታ ሠራዊት እንደ ልቡ አይንቀሳቀስምና፥ ንጉሥም እንደ ገበሬው በአንድ ቦታ ተጠግቶ መክረም ግድ ሆኖበት ነበር።

በዚህ ወራት መንደር ከመንደር በጅረት ይለያል፤ ገበያው ይሳሳል፤ እንጨቱ ይረጥባል፤ የታጠበ ልብስ አይደርቅም። ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን የእህሉ ነገር ነው። በልግ ከሚያበቅለው አገር በቀር፥ በኅዳርና በታኅሣሥ የተወቃው እህል በሐምሌ ወደ ጎተራው ሥር ወርዷል፤ ከእርሱም የተሻለው ለዘር ወጥቷል፤ አዲሱም እህል ገና በማሳው ላይ ቅጠል ነው። «ሐምሌን በብጣሪ፥ ነሐሴን በእንጥርጣሪ» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር የዚህን ጊዜ ኑሮ በአጭሩ ይገልጸዋል፤ በሌላ ጊዜ ተጥሎ ለዶሮ የሚሆነው የሰፌድ ትራፊ ሳይቀር በዚህ ጊዜ ለሰው ይሆናል ማለት ነው። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንትም ከነሐሴ ወር አንዱን ክፍል ዕጕለ ቋዓት፥ ይኸውም የቁራ ጫጩቶች ብለው ሰይመውታል፤ በዚያም ጊዜ ጠያቂ የሌላቸውን ፍጥረታት የሚመግብ አምላክ ይታሰባል። እንግዲህ የክረምት ቤት ደስታ ሲነገር ከጥጋብ የመጣ እንዳይመስል ይህን አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። ደስታው የሚገኘው ጥቂቱን ነገር ለሁሉ በማዳረስ ነው።

የቤቱ ልብ ምድጃ ነው። በሦስቱ ጉልቻዎች መካከል የሚነደው አብዛኛውን ጊዜ ኩበት ነው፤ ይህም በበጋ ተጠፍጥፎ፥ በፀሐይ ደርቆ፥ ዝናብ ሳይመጣ ተከምሮና ተከድኖ የተቀመጠ ነው። የባለቤቲቱ ሙያ ከሚለካባቸው ነገሮች አንዱ ይህ ክምር ነው፤ በግንቦት ያላሰበችበት ሴት በነሐሴ በእርጥብ እንጨት ጭስ ዓይኗ ሲያለቅስ ይከርማልና። ማታ ቤተ ሰቡ ሲተኛ ፍሙ በአመድ ይዳፈናል፤ ጧትም አመዱ ሲገለጥ እሳቱ ሳይጠፋ ይገኛል። እሳት የጠፋበት ቤት ልጁን ገል አስይዞ ወደ ጎረቤት ይልካል። ፍም የያዘ ሰው እሳቱ ሳይከስምበት ቤቱ መድረስ ስላለበት ለጨዋታ አይቀመጥም። ገና ገብቶ ለመውጣት የሚቸኵል እንግዳ «እሳት ልትጭር ነው ወይ የመጣኸው?» የሚባለው ከዚህ የተነሣ ነው፤ ክብሪት በየሱቁ መሸጥ ከጀመረ በኋላም አነጋገሩ አልጠፋም።

በምድጃው ዙሪያ ሽማግሌና ሕፃን ለእሳቱ ቀርበው ይቀመጣሉ፤ ጐልማሳው ከእነርሱ በስተኋላ ይሆናል። በአንድ ወገን በጋጣው የታሰሩት ጥጆችና በጎች በትንፋሻቸው ቤቱን ያሞቃሉ። ከምድጃው በላይ ለዘር የተመረጠ የበቆሎ ራስ ተሰቅሎ ጭስ ይጠጣል፤ ጭሱም ነቀዝ እንዳይደፍረው ያደርጋል። ስለዚህ አንዱ እሳት በአንድ ጊዜ ወጥ ያበስላል፥ ሰው ያሞቃል፥ ብርሃን ይሰጣል፥ የሚመጣውንም ዓመት ዘር ይጠብቃል።

ከክረምት ምግብ ሁሉ ለልጆች ደስ የሚያሰኘው ቆሎ ነው። ገብሱ በጋለ ምጣድ ላይ ሲንጣጣ ድምፁና ሽታው ገና ከደጅ ያለውን እረኛ ይጠራዋል። ሆኖም ቆሎ የተወደደው ለጣዕሙ ብቻ አይደለም። እህል እንጀራ እስኪሆን ድረስ መፈጨት፥ መቦካትና መጋገር አለበት፤ ከዚያም ወጥ ይፈልጋል፤ ይህ ሁሉ ብዙ ማገዶና ብዙ ድካም ነው። ቆሎ ግን በጥቂት እሳት ፈጥኖ ይደርሳል፤ ደረቅ ስለሆነም ቀስ ተብሎ ይታኘካል። አንድ እፍኝ ገብስ በዚህ ዓይነት አንድን ልጅ ለረጅም ጊዜ ያጫውተዋል። እናቲቱ እየዘገነች ስትሰጥ እፍኟ ሚዛን ነው፤ ለታናሹም ለታላቁም እኩል መድረሱን ሁሉም በዓይኑ ይከታተላል፤ እርስዋ ግን በሰፌዱ ላይ የቀረውን በመጨረሻ ትወስዳለች። የልጅ ልብ ፍርድንና አድልዎን መለየት የሚጀምረው ከዳኛ ፊት ሳይሆን ከዚህ ሰፌድ ፊት ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። ከቤቱ ርቆ ትምህርት የሚፈልገው የቤተ ክርስቲያን ደቀ መዝሙርም «የቆሎ ተማሪ» መባሉ ይህ ምግብ የትንሽ ስንቅ ምልክት መሆኑን ያሳያል።

ቡና በክርስቲያኑ ደጋ ቤት ውስጥ ከቆሎ ይልቅ አዲስ እንግዳ ነው። በቤተ ክህነት ዘንድ ለረጅም ጊዜ ሲነቀፍ ኖሮ፥ በብዙው ዘንድ የተለመደው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ19ኛው መቶ ዓመት ፍጻሜ ገደማ ነው። ከገባ በኋላ ግን የክረምቱን ጠባይ በሚገባ ተቀበለ። አንዱ የተወቀጠ ቡና ሦስት ጊዜ ውሃ እየተጨመረበት አቦል፥ ቶና፥ በረካ ተብሎ ይጠጣል፤ የመጨረሻው ስም ከዓረብኛ የመጣ ሆኖ በረከት ማለት ነው። እጅግ የቀጠነው ስኒ የበረከትን ስም መያዙ ልብ ሊባል ይገባዋል፤ የቡናው ኃይል እያነሰ በሄደ መጠን ጨዋታው እየረዘመ ይሄዳልና። ለዚህም ሥርዓት ጎረቤት ይጠራል፤ ብቻውን ቡና የሚጠጣ ቤት አይመሰገንም። ዝናብ ከገበያና ከለቅሶ ቤት ያስቀረው ሰው የመንደሩን ወሬ፥ የታመመውንና የተቸገረውን የሚሰማው በዚህ ጊዜ ነው። የጎረቤት ጎተራ ባዶ መሆኑም ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ማንም ሳይናገር፥ በቡናው ላይ ከሚታየው ፊት ነው።

መሸት ሲል ሥራና ጨዋታ በአንድነት ይሄዳሉ። ሴቶቹ ባዘቶውን ይዘው እንዝርት ያሾራሉ፤ ለፈትል ከፍም የሚወጣው ብርሃን ይበቃል፤ ጣት ክሩን ያውቀዋልና። በመንዝና በአካባቢው ብርዱ የበረታ ስለሆነ ከጥጥ ሌላ የበግ ጠጕር ይፈተላል፤ ከእርሱም ባና የሚባለው ወፍራም ልብስ ይሠራል። ወንዶቹ ገመድ ይገምዳሉ፥ የሞፈርና የቀንበር ዕቃ ያበጃሉ። ያን ጊዜ ልጆቹ ታላላቆቹን ተረት ይለምናሉ። ተራቹ «ተረት ተረት» ሲል ሰሚዎቹ «የላም በረት» ብለው ይመልሱለታል፤ በመጨረሻም «ተረቴን መልሱ፥ አፌን በዳቦ አብሱ» ብሎ ይዘጋዋል። ዳቦ በሌለበት ሌሊት ዳቦ መጠየቁ ራሱ ያስቃል።

እንቆቅልሽ ደግሞ የራሱ ሕግ አለው። ጠያቂው «እንቆቅልሽ» ሲል መላሹ «ምን አውቅልሽ» ይላል። ለምሳሌ፥ ሲሄድ ውሎ ሲሄድ ቢያድር የማይደክመው ማን ነው? ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ወንዝ ነው፤ ከውጭ የሚያገሣውን የሞላ ጅረት እየሰሙ ለሚቀመጡ ሰዎች ይህ መልስ ሩቅ አይደለም። መልሱ የጠፋበት ሰው «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ እርሱም የወደደውን አገር ስም ጠርቶ ይሰጣል። ጠያቂውም ካልወደደው ሌላ ይጠይቃል፤ ከወደደው ግን በዚያ አገር ገብቶ እንደ ተሾመ ይኵራራል። በዚህ ጨዋታ ከጎጆው ወጥቶ የማያውቅ እረኛ ጎንደርንና ሐረርን ሲሰጥና ሲቀበል ያመሻል። ስለዚህ እንቆቅልሽ አእምሮን ከመሳሉ በላይ፥ በጭቃ ለተዘጋ ልጅ የአገሩን ስም የሚያስተምር ትምህርት ቤት ነው።

የዝናቡ ቀን ደግሞ የገበጣ ቀን ነው። በመሬት ወይም በተፈለፈለ እንጨት ላይ ባሉት ጕድጓዶች ውስጥ ጠጠር እየዘሩና እየለቀሙ የሚጫወቱት ይህ ጨዋታ እንደየአገሩ ሕጉ ይለያያል። ሪቻርድ ፓንክረስት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1971 ዓመተ ምሕረት ባሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ የሚገኙትን ልዩ ልዩ ዓይነቶች ሰብስበው ገልጸዋል። ገበጣ ዋጋ አይጠይቅም፤ ጠጠርና ቈጠራ ብቻ ይበቃዋል።

ከወራቱ መካከል ደስታው ጐልቶ የሚወጣው በነሐሴ ነው። ከነሐሴ 1 ቀን ጀምሮ ጾመ ፍልሰታ ሲገባ ሕፃናት ሳይቀሩ ይጾማሉ፤ ተልባና ሱፍ በእንጀራ ተፈትፍቶ ይቀርባል። በነሐሴ 13 ቀን ደግሞ የደብረ ታቦር በዓል፥ ይኸውም ቡሄ ይውላል። ወንዶች ልጆች ከብዙ ቀን በፊት ጅራፋቸውን ገምደው ሲያጮኹ ይሰነብታሉ፤ በበዓሉም ሆያ ሆዬ እያሉ ከቤት ወደ ቤት ሲዞሩ ሙልሙል ዳቦ ይቀበላሉ። ብጣሪ በሚበላበት ወር እያንዳንዱ ቤት ለሌላው ልጅ የሚሆን ሙልሙል መጋገሩ ቀላል ነገር አይደለም። ባለቤቲቱ ለዚህ ቀን የሚሆነውን ዱቄት ከሐምሌው ጕድለት ላይ ቈጥባ አስቀምጣለች። ቡሄ ካለፈ ክረምት የለም የሚባለውም ዝናቡ በዚያ ቀን ስለሚያባራ ሳይሆን፥ ልብ ከዚያ በኋላ ወደ መስከረም ስለሚመለከት ነው።

ይህ የምድጃ ኑሮ ዛሬ በብዙ ስፍራ ተለውጧል። የቆርቆሮ ክዳን በሣር ክዳን ቦታ ገብቷል፤ ዝናብን በሚገባ ይከላከላል፥ በየጊዜውም መታደስ አያሻውም። ነገር ግን በሣር ክዳን ላይ ዝም ብሎ ይወርድ የነበረው ዝናብ በቆርቆሮው ላይ እንደ ነጋሪት ስለሚመታ፥ ዝናቡ ሲበረታ የተራቹ ድምፅ አይሰማም። መብራት በገባበት ቤትም ሰው በእሳት ዙሪያ መሰብሰቡ ቀርቶ በየክፍሉ መቀመጥ ጀምሯል። ይህ ሁሉ እንደ ጥፋት ብቻ ሊቈጠር አይገባውም። የምድጃው ጭስ ለዘሩ መልካም ቢሆንም ለሰው መልካም አልነበረም፤ ይልቁንም ቀኑን ሙሉ ከእሳቱ የማይርቁትን እናቶችና በጀርባቸው ያዘሏቸውን ሕፃናት ዓይንና ሳንባ ይጐዳል። ስለ ድሮው ምድጃ በናፍቆት የሚናገር ሰው በእሳቱ አጠገብ ማን ተጐንብሶ ይውል እንደ ነበረ መርሳት የለበትም። ጭሱ ቢቀር ጥቅም ነው፤ ከጭሱ ጋር እንዳይቀር የሚያስፈልገው ግን እፍኙን እኩል የማካፈሉ ልማድ ነው።

ለዚህም ገና ጊዜ አለ። የትምህርት ቤት ዕረፍት በክረምት ስለሆነ፥ በከተማ የሚማረው ልጅ ወደ ወላጆቹ የሚመለሰው በዚሁ ወራት ነው። አያቶች ያላቸውን ተረትና እንቆቅልሽ ለመስማትና ለመጻፍ ከዚህ የተሻለ ወቅት አይገኝም።

ክረምቱም ራሱ የሚሰናበተው በምድጃ ነው። መስከረም ሲጠባና አዲሱ ገብስ ሲደርስ በብዙ አገር «የጎመን ምንቸት ውጣ፥ የገንፎ ምንቸት ግባ» ይባላል። ጎመን በጭንቁ ወራት ቤተ ሰቡን ያቈየ የጓሮ ምግብ ነው፤ ገንፎ ደግሞ አዲስ እህል መግባቱን የሚያበሥር ነው። ያንጊዜ ባለቤቲቱ የገንፎውን ምንቸት ትጥዳለች፤ ጉልቻው ግን ያው ነው፤ በዙሪያው የሚቀመጡትም፥ ሁሉ ደኅና ከርመው እንደ ሆነ፥ እነዚያው ናቸው። በሐምሌ በእፍኝ የተካፈሉት በመስከረም ከአንድ ገበታ በሙሉ ልብ ይበላሉ።